ከሐይቁ በፊት የሰፈሩ ምንጭ

የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ከደሴ ወጣ ብላ ባለች አነስተኛ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም በእኔ ሥር ነው። አምና 64 ተማሪ ይዤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ሄድን። አውቶቡስ ውስጥ ተፋፍገን፣ እስኪበቃን ጨፍረን፣ ውሃው ዳር ፎቶ ተነስተን ተመለስን። ሪፖርት አምጡ ስላቸው 64ቱም አንድ ዓይነት ነገር ጻፉ፤ ግማሹ ከስልክ የተገለበጠ ነው። ከዚያ በፊት ገበያው አካባቢ የጽዳት ዘመቻ አድርገን ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ቆሻሻው እንደነበረው ሆነ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ‹ሽርሽር በቃ፤ ከትምህርቱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ካላሳየኸኝ አልፈርምም› አሉኝ። ልክ ናቸው እንዳልል ልጆቹ ያሳዝኑኛል፤ ተሳስተዋል እንዳልል ማስረጃ የለኝም። ምን ይሻለኛል?»

መምህር፣ አብሽሩ። ርዕሰ መምህሩ ያዩት ችግር እውነተኛ ነው፤ የሳቱት መድኃኒቱን ነው። ልጆቹ ሲሄዱ የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም፣ ሲመለሱም ምን አገኛችሁ ብሎ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም። ሐይቁን እዩ ተብሎ የሄደ ልጅ ሐይቁን አይቶ ይመለሳል። ከዚያ «ምን ተማርክ?» ቢባል ከስልክ ከመገልበጥ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ስለዚህ ሐይቅን ለጊዜው እናቆያትና በእግር 20 ደቂቃ ከሚያስኬድ ቦታ ይጀምሩ። ከከተማችሁ ዳር ሰው ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍበት ምንጭ አይጠፋም። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ ይህ ምንጭ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥስ ምን ያህል ይቀንሳል?

ለዚህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እርሳስ ያልነው እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ጽሑፉ ስለሚፈስ ነው። ጀሪካኑን ግን አይመኑት። 20 ሊትር ይባል እንጂ እስከ አፉ ሲሞላ ያልፋል። ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ የመለኪያ ሲሊንደር ካለ በእሱ እየለካችሁ 20 ሊትር አስገቡና ውሃው የደረሰበትን በማርከር ዙሪያውን አስምሩበት። ሲሊንደር ከሌለ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ 10 ጊዜ ይሆናል። ጠርሙሱም ሲገዛ ውሃው እስከነበረበት ድረስ እንጂ እስከ ከንፈሩ አይሞላ። ይህን ምልክት ልጆቹ ራሳቸው ያድርጉት። መለኪያ ዕቃ ራሱ መለካት እንዳለበት ማወቅ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ነው።

64ቱን በአንድ ቀን ምንጭ ላይ አይውሰዱ። በአራት በአራት ቢከፍሏቸው 16 ቡድን ይሆናሉ። በየሳምንቱ ሁለት ቡድን ብቻ፣ ማለትም ስምንት ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሂዱ። በስምንት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል፣ እርስዎም ሳምንት ሳይዘል የተወሰደ የስምንት ሳምንት ልኬት በእጅዎ ይገባል። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ጀሪካን ይይዛል፣ አንዱ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አራተኛው ምልክቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ «በቃ!» ይላል። ሰዓት ቆጣሪውና «በቃ» ባዩ አንድ ሰው ከሆኑ ልኬቱ ይበላሻል፤ ዓይን ሁለት ቦታ አያይም። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጊዜ ይሙላ። ሦስቱ ቁጥሮች በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልተቀራረቡ አራተኛ ይጨመርና የተለየው ለምን እንደተለየ ይጻፍ እንጂ አይሰረዝ። ሁለቱ ቡድኖች አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ይለካሉ፣ መጨረሻ ላይ ያነጻጽራሉ። እዚያ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ገለጻ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። ምንጩ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠርቶለት በቧንቧ የሚቀዳ ከሆነ ሌሊት የተጠራቀመው ውሃ ጠዋት በጉልበት ይወርዳል። ልጆቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ደርሰው ቢለኩ የለኩት የገንዳውን ክምችት እንጂ የምንጩን አቅም አይደለም። ወደ ገንዳው የሚገባው ቱቦ ከተገኘ እዚያ ይለካ። ካልተገኘ ሰው ቀድቶ ቀድቶ ውሃው ሲቀጥን፣ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ። ቧንቧው ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም ተከፍተው ይለኩና ይደመሩ።

የወረፋው ነገርም አለ። ተማሪ ነን ብሎ ወረፋ መቅደም፣ ይባስ ብሎም የለኩትን ውሃ መድፋት፣ ሥራውን በመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል። በሞቴ፣ ይህቺን አጥብቀው ይንገሯቸው። ተራው የደረሳቸውን እናት አስፈቅደው በእናንተ ጀሪካን ይለኩ፣ የተለካውን በእናትየው ጀሪካን ውስጥ በማጥለያ ይገልብጡ፣ ጀርባቸው ላይም ያሸክሟቸው። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ «ልጆቹ መጡ» ተብሎ ቦታ ይለቀቅላችኋል።

ሒሳቡ ክፍል ውስጥ ይሠራ። ለምሳሌ ጀሪካኑ በ50 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 24 ሊትር፣ በሰዓት 1,440 ሊትር ነው። ሰው በቀን 12 ሰዓት ይቀዳል ብንል 17,280 ሊትር ይሆናል። አንድ ቤት በቀን ሦስት ጀሪካን ከወሰደ 288 ቤት ይበቃል ማለት ነው። በታኅሣሥ ያው ጀሪካን 80 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 900 ሊትር፣ በ12 ሰዓት 10,800 ሊትር ነው፤ የሚዳረሰው 180 ቤት ብቻ ነው። ከ288 ወደ 180 የወረደውን 108 ቤት ሰሌዳው ላይ ጻፉና «እነዚህ ከየት ይቅዱ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ሥራ ዝም ማለት ነው።

ከቁጥሩ ጎን ለጎን የሰው ቃል ያስፈልጋል። ልጆች ሽማግሌ ጋ ቀርበው «ድሮ እንዴት ነበር?» ካሉ «ድሮማ ጥሩ ነበር» ከሚል መልስ አያልፉም። ጥያቄው መቆንጠጫ ይኑረው፦ ደርግ ሲወድቅ ይህ ምንጭ እስከ ስንት ወር ይዘልቅ ነበር? ከላዩ ምን ዛፍ ነበረበት? ማን ቆረጠው? ከብት የሚጠጣውስ የት ነበር? አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በወሎ ምድር ስለ ድርቅ ሲነሳ 66 እና 77 ይመጣሉ። ስለ ውሃው ይጠየቅ እንጂ ማን ሞተባችሁ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይኑር። ሽማግሌው ራሳቸው ካነሱት እርሳሱ ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ሁለት ልጅ ይበቃል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል፤ የተጻፈውም ከመሄዳቸው በፊት ለተናጋሪው ይነበብላቸው። «እንዲህ አላልኩም» የምትል እርማት የምትመጣው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይህ ሁሉ ደብተር ውስጥ ከቀረ የአምናው ሪፖርት ነው የሚሆነው። ውጤቱ ለባለ ውሃው መመለስ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ከቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር ከሚለው፣ የተሻለ ቦታ የለም። የቅሬው ዳኛ ጋ ሁለት ልጆች ይዘው ይሂዱና በሚቀጥለው ስብሰባ 10 ደቂቃ ይለምኑ። በልብስ ሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ በትልቁ ሦስት ቁጥር ብቻ ይጻፍ፦ በጥቅምት ስንት፣ በኅዳር ስንት፣ በታኅሣሥ ስንት። ንባቡም ማስረዳቱም የልጆቹ ነው፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። «በሰከንድ 0.25 ሊትር» የሚል ነገር እዚያ አይነገር፤ «ጀሪካን ለመሙላት ይህን ያህል ይቆያል፣ ይህን ያህል ቤት ይበቃል» ይባል።

ከስብሰባው በፊት ውጤቱን ለውሃ ኮሚቴው ለብቻ ያሳዩ። ይህን የዘለለ መምህር ችግር ይገጥመዋል። ኮሚቴው ሰው ፊት በልጆች የተከሰሰ ከመሰለው በሚቀጥለው ቅዳሜ የምንጩ በር ይቆለፍባችኋል፣ ልጆቹም የሚማሩት ቁጥር ጠብ እንደሚያመጣ ነው። አስቀድሞ ያየ ኮሚቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተነስቶ ያግዛል፤ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የሚያመለክትበት ወረቀት አገኘ ማለት ነው። ስትጨርሱ ደግሞ ልጆቹ ሊሠሩት የሚችሉትን አንዲት ነገር ይጠይቁ፦ ከምንጩ በላይ ከብት እንዳይገባ አጥር ማጠር፣ ወይም ለከብቱ ውሃ ማጠጫ ገንዳ ከታች ማዘጋጀት። ከአንድ በላይ ቃል አይግቡ።

የጽዳት ዘመቻውም የከሸፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ቆሻሻ አነሳችሁ እንጂ ከየት እንደሚመጣ አልቆጠራችሁም። 10 ሜትር በ10 ሜትር በገመድ ከልላችሁ፣ ያለውን ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የጫት ገረባ፣ የገበያ ቅጠላ ቅጠል እየለያችሁ ብትቆጥሩ፣ ያንኑ ከገበያው ቀን ማግስትና ከሦስት ቀን በኋላ ብትደግሙት፣ የሚጥለው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይወጣል። ከዚያ የሚነጋገሩት ከሁለት ከሦስት ነጋዴ ጋር ነው፤ 64 መጥረጊያ አያስፈልግም።

ጥር ሲገባ የተፋሰስ ሥራ ይጀመራል፤ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ድንጋይ ለማቀበል ነው። ያቀብል፣ ግን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ከቀበሌው የልማት ሠራተኛ ጋር ተነጋገሩና የእርከን መስመር ማውጣቱን ልጆቹ ይማሩት። መሣሪያው ኤ ፍሬም ይባላል። እኩል የተቆረጡ ሁለት ባለ 2 ሜትር ቀጥ ያሉ እንጨቶች ጫፋቸው ይታሰራል፣ እግራቸው 2 ሜትር ያህል ይከፈታል፣ መካከላቸው ላይ 1.2 ሜትር አግዳሚ ይመታል። ከጫፉ ላይ 1.2 ሜትር ክር ይንጠለጠልና ግማሽ ኪሎ የሚያህል ድንጋይ ይታሰርበታል። ድንጋዩ ከአግዳሚው በታች ይውረድ፣ መሬት ግን አይንካ።

ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሁለቱ እግሮች የቆሙበት ቦታ ላይ ችካል ይመታል፣ ክሩ አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ መሣሪያው ይገለበጣል፤ የግራው እግር በቀኙ ችካል፣ የቀኙ በግራው ይቆማል፣ እንደገና ምልክት ይደረጋል። ከሁለቱ ምልክቶች እኩል መሃል ያለው ነጥብ ደልዳላው ነው። መገልበጧን የሚዘልል ቡድን ሁሌም ይኖራል፤ ዝም ብለው ያሳልፉትና መስመሩን ከሌላው ቡድን ጋር ያስተያዩት። ከዚያ አንዱ እግር ተተክሎ ሌላው ወደ ላይ ወደ ታች እየተወሰደ ክሩ ነጥቡ ላይ ሲያርፍ ችካል ይመታል፣ በችካሉ ላይ ዞሮ ይቀጥላል። ነፋስ ክሩን ያወዛውዛል፣ ስለዚህ ጠዋት ይሠራ። የለሰለሰ እርሻ ላይ እግሩ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግ። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ከወረደ ውሃ እዚያ ይሰበሰባል፣ ካቡን ይሰብራል፣ ከሥሩ አዲስ ቦረቦር ይከፍታል። ልጆቹ ባለፈው ዓመት የተሰበረ ካብ ፈልገው በዚያው ኤ ፍሬም ቢፈትሹት ምክንያቱን በዓይናቸው ያያሉ።

ከዚህ በኋላ ሐይቅ መሄድ ትችላላችሁ፤ ያኔ ርዕሰ መምህሩም አይከለክሏችሁም። ነገር ግን እዚያም ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ሐይቁ በመሬት ገጽ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የገባው ደለል፣ ማዳበሪያና ሳሙና አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «ውሃው ምን ያህል ጠርቷል? ወንዝ በሚገባበት በኩልና ከዚያ ርቆስ ይለያያል?» ይሁን። ለዚህ ሴኪ የሚባለው ሳህን ይበቃል። አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. የሞከረው ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ክዳን አራት ቦታ ተከፍሎ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ ይቀባል፣ መሃሉ ተበስቶ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ይገባበታል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይታሰራል። በጀልባዋ ጥላ በኩል ይወርዳል። የጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል፣ ሲወጣ እንደገና የታየበት ይጻፋል፣ አማካዩ ይወሰዳል። ገመድ ውሃ ሲጠጣ ርዝመቱ ሊለወጥ ስለሚችል ቋጠሮው ረጥቦ እያለ ይለካ። ጀልባ ላይ የሚወጣው ልጅ የሕይወት ጃኬት ካልለበሰ አይውጣ። ጃኬት ከሌለ ልኬቱ ይቅር። ዳር ላይ ዋናም እግር መንከርም ክልክል ይሁን። ጥልቅ ሐይቅ ነው፣ በሐይቅ ዳር ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል።

ሐይቁ አጠገብ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ለመግባት ካሰባችሁ ሴቶች እንደማይገቡ ቀድመው ይንገሩ። ደጃፍ ላይ ደርሶ ግማሹ ክፍል ሲቀር የሚፈጠረውን ቅሬታ ከአንድም ትምህርት ቤት ሰምተናል። የአባ ኢየሱስ ሞዐን የ13ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ታሪክ ውጭ ሆኖም መማር ይቻላል። አለዚያ ሁለቱም ወገን እኩል ክብደት ያለው ሥራ ይሰጠው፤ ለምሳሌ ሴቶቹ ሴኪውን ይያዙ። የታሪክ መምህሩ አብረው ከመጡ ደግሞ በሌላ ቀን የውጫሌ ውል ወደተፈረመበት አምባሰል ይስማ ንጉሥ መሄድ ይሻላል። የ1881ዱን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አማርኛውንና ከጣሊያንኛው የተተረጎመውን ጎን ለጎን ይዘው፣ «ይቻላቸዋል» የምትለዋ ቃል በሌላኛው ምን እንደሆነች እዚያው ቆመው ይፈልጉ።

የቀረው የጉዞው ጣጣ ነው። ዓርብ አይሁን፤ የጁምዓ ሶላት ቀኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ረመዳንም አይሁን። ምሳው የጾም ቢሆን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፤ ሥጋ ከመጣ ማን አረደው ይመጣል። ዳቦ፣ ድንች፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። ለ15 ተማሪ አንድ አዋቂ፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ለወላጅ የሚላከው ወረቀት የት፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱና ልጁ ሕመም እንዳለው የሚጠይቅ ይሁን፤ አስምና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ያለዚህ አያውቁም። ለወረዳው ትምህርትና ለፀጥታ ጽሕፈት ቤት ከሳምንት በፊት ደብዳቤ ይግባ፣ የመንገዱም ሁኔታ በመነሻው ዕለት ጠዋት እንደገና ይጠየቅ። ለምለም (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት)፣ ፋሻ፣ ሞዴስና ለሚያስመልሰው ፌስታል ከፊት ወንበር ይቀመጥ።

መገልበጡን የሚያቆም አንድ ዘዴ አለ። ደብተሩን አውቶቡሱ ለመመለስ ከመነሳቱ በፊት ይሰብስቡ። እዚያው ቆሞ የተጻፈ ጭቃ የነካው ገጽ ከስልክ አይገለበጥም። ከተከታታይ ምዘናው 20 ነጥብ ይመድቡለትና 10ሩን ለዚህ ገጽ፣ 5ቱን ለሒሳቡ፣ 5ቱን ቅሬው ፊት ለሰጠው መልስ ይስጡ። ንጹሕ ሆኖ ለተጻፈ ሪፖርት ምንም አይስጡ።

ለርዕሰ መምህሩ ደግሞ ዕቅድ ከመጻፍዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን የሁለት ቅዳሜ ቁጥሮች ይዘው ይግቡ። ፊርማ አይጠይቁ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ከስምንቱ ልጆች ጋር ምንጩ ድረስ እንዲመጡ ይጋብዟቸውና ሰዓት ቆጣሪ ያድርጓቸው።

የአውቶቡሱን ጭፈራ ግን አይከልክሉ። ሲመለሱ ይሁን፣ ደብተሩ ከተሰበሰበ በኋላ።